ጳጉሜን የማያውቅ ደመና

ላፍቶ፣ ነሐሴ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ወንድም ጋሼ ደምሰው፣

ሱባኤህን በሰላም እንደያዝክ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ሰላም አይደለሁም። እኅትህ ብርነሽ ከተናደደች ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። በፍልሰታ ጾም እንዲህ መንደድ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ኃጢአቱን ለሁለት እንካፈለው። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ጎረቤታችን አባይነህ ነው። ነገ አንተ ወዳለህበት ገዳም ይመጣል። ስልክህን ዘግተህ ባትሄድ ኖሮ ነገሩ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር።

የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። የደመናውን አካውንት ስትከፍት የልደት ቀንህን ምን ብለህ ነው የሞላኸው? ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን ጽፈህ መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ለሚመለስ ሰው ስጥልኝ።

ማክሰኞ መብራት ሄደ። ሲመለስ በኃይል መጣና የሱቁን ኮምፒውተር አቃጠለው። ቆራጫችን በንቲ መቀሱን አስቀምጦ፣ "የልጆቹ ልክስ? አብሮ ነደደ?" አለኝ። እኔ ደግሞ ሳቅኩ። "ምንም አልነካውም፣ ደመና ላይ ነው" አልኩት እየተኩራራሁ። ያን ሳቄን ባስታወስኩ ቁጥር ፊቴን የምደብቅበት ይጠፋኛል።

ሰኔ ላይ ጀሞ ሄደን ክፍል በክፍል እየዞርን የለካናቸው ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ተማሪዎች፣ ትከሻቸውም ወገባቸውም እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ልጆቹ አሁን ለክረምት ተበትነዋል፤ ግማሾቹ ገጠር ዘመድ ጋ ናቸው። እንደገና ልለካ ብል ማንን እለካለሁ? ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ ሐሚዳ ዛሬ ጠዋት ደውላ፣ "ብርነሽ፣ እስከ ሰኞ መቁረጥ ካልጀመራችሁ ሌላ ሰፊ እፈልጋለሁ። መስከረም ላይ ልጆቼን ያለ ዩኒፎርም አላስገባም" አለችኝ። አልፈረድኩባትም። ይህ ሥራ ከቀረብን ግን ሱቃችን ከርሞ እንደማይከፈት አንተም ታውቃለህ።

እዚህ ላይ ያለፈውን ካላነሳሁ አይወጣልኝም። አምና ጣሪያው አፍስሶ የልክ ደብተራችን ቀለሙ ታጥቦ ሲበላሽ፣ ከእንግዲህ ደመና ላይ እናስቀምጥ አልኩህ። አንተ ምን አልክ? "ደብተሩን ያበላሸው ዝናብ ከየት መጣ? ከደመና አይደለም? ጭራሽ ለራሱ ለደመናው አስረክብ ትይኛለሽ?" ሰፊዎቹ በሳቅ ሞቱ። እኔ ደግሞ ሳምንት ሙሉ አስረዳሁህ። ደመና የሚሉት ስም ብቻ ነው፣ ሰማይ ላይ ምንም የለም። የሆነ አገር፣ ትልቅ ቤት ውስጥ፣ መብራት የማይጠፋባቸው ኮምፒውተሮች ተደርድረዋል። እኛ እዚያ ቦታ እንከራያለን። ዕቃው የእኛ ነው፣ ቤቱ የሰው ነው። ሥራ ሲበዛ ቦታ እንጨምራለን፣ ሲቀዘቅዝ እንቀንሳለን። የእኛ ኮምፒውተር ቢሰረቅ፣ ቢቃጠል፣ ከሌላ ኮምፒውተር ገብተን እናገኘዋለን። ኢንተርኔት ከሌለ አይከፈትም፣ እሱን አልደበቅኩህም። ደግሞ ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይሁን አልኩህ። ይህን ስንቴ እንደደጋገምኩት ልብስ መተኮሻው ሳይቀር ይመሰክራል።

በስንት ልመና እሺ ስትል ደግሞ፣ "በእኔ ስም፣ በእኔ ስልክ፣ እኔው ራሴ እሞላለሁ" ብለህ ድርቅ አልክ። ታላቅ ነህና ተውኩህ። ከዚያ የልደት ቀን ሲጠይቅህ ጮህክ፤ "ይሄ ነገር ጳጉሜ የለውም እንዴ!" ጳጉሜ ሦስት የተወለደ ሰው የፈረንጅ አሥራ ሁለት ወር ውስጥ የት ይግባ? ልቀይርልህ ብዬ ስነሳ፣ "ተይው፣ አንዱን ሞላሁት" አልክ። አንዱን! የቱን?

ትናንት ኑሪ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ በእሱ ኮምፒውተር ሞከርኩ። የይለፍ ቃሉን አውቀዋለሁ። ደመናው ግን ኮምፒውተሩ አዲስ ስለሆነበት አላመነኝም፤ በስልክህ የላክሁትን ቁጥር አምጪ አለኝ። ስልክህ ዝግ ነው። እንግዲያው የልደት ቀን አምጪ አለኝ። በትክክል አስልቼ ሴፕቴምበር 8 አልኩት፣ እምቢ። መስከረም ነው ብለህ ይሆናል ብዬ ሞከርኩ፣ ነሐሴ ነው ብለህ ይሆናል ብዬ ሞከርኩ፣ ዓመቱን በእኛም በፈረንጅም አደረግኩት። በመጨረሻ ጭራሽ ዘጋብኝ። የገዛ ወንድሜን ልደት የማላውቅ ሌባ ተደረግኩ።

ከሁሉ ያበገነኝ ደግሞ የሄድክ ቀን ነው። አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት ብቅ ብለህ፣ "ደመናውን ልኬልሻለሁ፣ አየሽው?" አልከኝ። ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ፤ ጥቁር ብሏል። "አይቼዋለሁ፣ ጃንጥላህን እንዳትረሳ!" አልኩህ። እስከ መጨረሻው ቀልድ! እዚህ ሰው በጭንቀት ያልቃል፣ አንተ በደመና ታሾፋለህ።

መልስህን እጠብቃለሁ። በጸሎትህ አስበኝ፤ እኔ እንኳ አሁን ለጸሎት የሚሆን አፍ የለኝም።

ብርነሽ

ወንድም ጋሼ፣ ከላይ ያለውን ጽፌ ጨርሼ ነበር። ለአባይነህ ልሰጠው ስወጣ ኑሪ ከደጁ ጠራኝ። "ብርኔ፣ እንዲህ ከምትቃጠዪ በራስሽ ኢሜይል ግቢና ለድርጅቱ አቤቱታ ጻፊላቸው" አለኝ። የራሴን ኢሜይል ከከፈትኩት ወራት አልፎኛል። ማስታወቂያ በማስታወቂያ ሆኖ ጠበቀኝ። በመሀሉ ያንተ ስም አለ። ሐምሌ 29፣ ከመሄድህ አንድ ቀን በፊት። "ብርነሽ፣ ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ አይሁን ብለሽ የለ? ይኸው፣ አንቺም ግቢ።"

ከሥሩ ያለውን ሊንክ ስጫነው ደመናው ተከፈተ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም አሉ።

ኑሪ ፊት አለቀስኩ። ደመናውን ልከህልኝ ነበር፣ እኔ ሰማይ አየሁ። ሳምንት ሙሉ ሰማይ ላይ ምንም የለም እያልኩ ያስተማርኩህ እኔ! በንቲ አሁን ጨርቁን ዘርግቶ የአንደኛ ክፍሎችን መቁረጥ ጀምሯል፤ ወይዘሮ ሐሚዳም ሰምታለች።

ከላይ ያለውን ልቀደው አልኩና ተውኩት። የተናደድኩት እውነቴን ነው፣ ይቅርታ የምጠይቅህም እውነቴን ነው። ስልክህን አትክፈት፣ ሱባኤህን ጨርስ። የልደት ቀንህንም ጽፈህ አትላክልኝ። ጳጉሜ ሦስት ሱቁን በጊዜ ዘግተን ከሰፊዎቹ ጋር እናከብርልሃለን። ማሽኑ ባያውቀው እኔ አውቀዋለሁ።

ሰማይ ሰማይ የምታየው እኅትህ፣
ብርነሽ