ልብስ ሰፊዋን የመሰለ አዝራር

ለታናሽ እህቴ፦
ያለሽበት ሁሉ ሰላም ይሁንልሽ፤ እኔ ደህና ነኝ።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ሰው በተሰበሰበበት፣ «እትዬ፣ ክሩ መርፌው ውስጥ እስኪገባልዎት ከሚመሽ እኔ ላስገባልዎት» ብላ አሳቀችብኝ። ምድጃ ውስጥ ሲጋገር የሚጠነክረውን የፕላስቲክ ጭቃ ገዝቼ ለካፖርቴ አዝራሮች ሠራሁ፤ ሁሉም የእሷ ፊት ናቸው፣ የክሩ ቀዳዳዎች አፍንጫዋ ላይ ናቸው። እንድትተክላቸው ለራሷ እሰጣታለሁ፤ በገዛ አፍንጫዋ መርፌ ታስገባ።

አንዳንዱ ፊት የተጣመመው ጠረጴዛው ስለሚነቃነቅ ነው። ጽሕፈቴም ከመስመር የወጣው በዚሁ ነው። አናጢው መጥቶ ነካ ነካ አደረገውና፣ «ጠረጴዛውስ ደህና ነው፣ እማማ» አለኝ። የእሱንም ፊት ለሹራቤ ጀምሬዋለሁ።

ልጆችሽን ሳሚልኝ። ስትመጪ ካፖርቱን ለብሼ እቀበልሻለሁ፤ አዝራሮቹን ግን አንቺ ትቆልፊልኛለሽ።

ታላቅ እህትሽ