በብርድ የሚከሽፈው ቁጥር አሥራ አራት

ለክቡር ዋረን ስትሮም
የኪልቤሪ ከተማ ፖሊስ መምሪያ ዋና አዛዥ
ኪልቤሪ፣ ሰሜን ዳኮታ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎና የመላው ቤተሰብዎ ጤንነት እንዴት እንደ ሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በዚህ አጥንት ሰርስሮ በሚገባ ብርድ ጉልበትዎን እንዳያምዎ፣ የቢሮዎም ማሞቂያ ለአንዲት ሰዓት እንኳ እንዳይጠፋብዎ ምኞቴ ነው።

ማርጊት ኦፍስታድ እባላለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት በከተማችን ትምህርት ቤት ምግብ አብስያለሁ፤ ከመኮንኖችዎም ከግማሽ የሚበልጡት የእኔን ሾርባ እየጠጡ ያደጉ ናቸው። አሁን ጡረታ ወጥቼ ከከተማው በስተሰሜን አርባ በጎች አረባለሁ። ይህንንም ደብዳቤ እንደ በፊቶቹ ሦስት ደብዳቤዎቼ በፖስታ ልልክልዎ አስቤ ነበር፤ ሆኖም ሥራ ስለሚበዛብዎ እነዚያን ለማንበብ ጊዜ እንዳላገኙ ስለ ገባኝ፣ ዳግመኛ ላለማስቸገር ስል በጋዜጣ አወጣሁት። ያነበቡ ሰዎች ይነግሩዎታል።

የጻፍኩት ምስጋና ለማቅረብ ነው። ብዙ ስለሆነም እንዳይደባለቅብኝ በቁጥር አስቀምጠዋለሁ።

፩ኛ. መምሪያዎ ባለፈው መስከረም ወር ሃያ ሁለቱን አሮጌ ሽጉጦቹን ለነጋዴ አስረክቦ በምትኩ አዳዲስ ስለ ወሰደ፣ አሮጌዎቹም ለእኛ ለተራው ሕዝብ እንዲሸጡ ስለ ፈቀደ አመሰግናለሁ። ከበጎቼ ዙሪያ የባዘኑ ውሾች ማንዣበብ ስላበዙ አንዱን ገዛሁ። ሻጩ እንደዚህ አለኝ፦ “ወይዘሮ ማርጊት፣ የፖሊስ የነበረ ማለት ወገብ ላይ ብዙ የዞረ፣ ተኩሶ ግን ብዙም ያልሠራ ማለት ነው። ላዩ ቢላጥም ውስጡ ሙሽራ ነው።” ላዩ በእርግጥ ተልጦ ነበር። እጀታው ሥር በነጭ ቀለም አሥራ አራት የሚል ቁጥር አለው። በጥቅምት ፀሐይ ሃምሳ ጥይት በቆርቆሮ ላይ ተኮስኩበት፤ አንዱም አልከሸፈም። እጅግ ኮራሁ፤ በሕግ አስከባሪ እጅ የተፈተነ መሣሪያ ታጠቅሁ ብዬ።

፪ኛ. በጥር ሁለተኛ ሳምንት፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት በደረሰበት ጠዋት፣ ሁለት ውሾች አጥር ጥሰው ከበጎቼ መካከል ገቡ። ከንጋት ጀምሮ ድርቆሽ ሳድል ሽጉጡ ከካፖርቴ በላይ ወገቤ ላይ ነበር። አውጥቼ ምላጩን ሳብኩ፤ ቀጭ አለ። ሻጩ እንዳስተማረኝ ያልፈነዳውን ጥይት አስወጥቼ ሌላ አጎረስኩት፤ ቀጭ። ሦስተኛውም እንዲሁ። ከዚያ ሽጉጡን በረዶው ላይ ጥዬ የድርቆሹን መንሽ አነሳሁ። መንሹ የፖሊስ ሆኖ አያውቅም፤ ከአባቴ የወረስኩት ነው፤ ስለዚህም አልከሸፈም። ውሾቹ ሲሸሹ ሦስት ያረገዙ በጎች ሞተው ነበር፤ አራተኛዋን ከስቃይዋ እኔው ገላገልኳት።

ሆኖም፣ ክቡር ሆይ፣ ያን ዕለት በረዶው ላይ ያቆመኝ የበጎቼ ነገር ብቻ አልነበረም። ድምፁ ነው። በኪልቤሪ “ቀጭ” ሲባል የማያውቅ ሰው እንደሌለ እርስዎ ከማንም ይልቅ ያውቃሉ።

ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ። ኩርት ዊማን በመምሪያዎ አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለ መኮንን ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት በየካቲት፣ በዚሁ ብርድ፣ ፖስታ አዳያችን ላቮን ረስት ቤት ለቤት ስትዞር አንድ ትልቅ ውሻ ጣላት። ቀድሞ የደረሰው ኩርት ነው። ምላጩን ሁለቴ ስቦ ሁለቴም ቀጭ እንዳለበት፣ ከዚያም ሽጉጡን ወርውሮ ውሻውን በእጁ ጎትቶ እንዳላቀቀው ተናገረ። እስከዚያ ግን ላቮን የቀኝ እጇን ሁለት ጣቶች አጥታለች። መምሪያዎም ሽጉጡን በሕንፃዎ ምድር ቤት ባለው የተኩስ ክፍል ፈተነ፤ መቶ ጥይት ተተኮሰ፤ መቶውም ፈነዳ። ስለዚህ ጥፋቱ የሽጉጡ ሳይሆን የሰውየው ነው፤ ፈርቶ ደርቆ ቆመና በኋላ ሰበብ ፈጠረ ተብሎ በመዝገብም በዚህ ጋዜጣም ተጻፈበት። ኩርት ሥራውን ለቀቀ። የከተማው ሰውም “ኩርት ቀጭ” የሚል ስም አወጣለት።

እኔም ከሳቂዎቹ አንዷ ነበርኩ። የቤተ ክርስቲያናችን የጋዝ ምድጃ አልቀጣጠል ብሎ ቀጭ ቀጭ ሲል፣ “ኩርት ነክቶታል መሰለኝ” ብዬ ወጥ ቤቱን በሙሉ አስቄያለሁ። ሚስቱ እዚያው ሳህን እያጠበች ነበር። ይህን የምጽፈው፣ እርስዎን ሳመሰግን ራሴን እንዳልረሳ ነው።

፫ኛ. ሽጉጡን ይዤ ወደ መሣሪያ ጠጋኙ ወደ ኦርቪል ዳል ሄድኩ። ኦርቪል ምድጃው በሚነድበት ሱቁ ውስጥ ቢተኩሰው ያለ አንዳች እንከን ሠራ። ተስፋ ቆረጥኩ። እሱ ግን ሽጉጡን እያገላበጠ ይጠይቀኝ ጀመር።

“ያን ጠዋት የት ነበር የያዙት?” አለኝ።

“ወገቤ ላይ፣ ከካፖርቴ ውጭ።”

“ለስንት ሰዓት?”

“ለሦስት ሰዓት ያህል።”

“እንግዲያው እሱም እንደ እርስዎ ይብረደው” ብሎ ወስዶ በረንዳው ላይ አኖረው። እኛ ገብተን ምሳ በላን። ከምሳ በኋላ ከጓሮ አሥር ጥይት ሞከረበት፤ ሰባቱ ከሸፉ። የከሸፉት ጥይቶች ቂጥ ላይ ያለው ምልክት ጥፍር የጫረው ያህል ብቻ ነው። ሽጉጡን ምድጃው አጠገብ አሙቆ ደግሞ ሞከረ፤ አሥሩም ፈነዱ። መልሶ አበረደው፤ ስድስቱ ከሸፉ። በመጨረሻ ፈታታውና ጥይቱን የምትመታዋ መርፌ የምትሄድበትን ቀዳዳ አሳየኝ። እንደ ሰም በረጋ ጥቁር ዘይትና በናስ ብናኝ ተደፍኗል።

“ይኼ የአንድ ክረምት ቆሻሻ አይደለም” አለ ኦርቪል። “ዓመት በዓመት ዘይት ላይ ዘይት እየጨመሩ፣ አንድ ቀን እንኳ ፈትተው አልጠረጉትም። ሲሞቅ ዘይት ነው፣ ሲበርድ ሙጫ። መርፌዋ ጥይቱ ጋ ስትደርስ ጉልበቷ አልቋል።”

እንግዲህ ክቡርነትዎ በበረዶ መሐል የከሸፈን ሽጉጥ፣ መኮንኖችዎ በሸሚዝ በሚቆሙበት ክፍል ውስጥ ስላስፈተኑ፣ ለዚህ ጥንቃቄዎ ሦስተኛውን ምስጋና ይቀበሉኝ።

ከዚያ ኩርት ወደሚሠራበት ወደ አውራጃው ጋራዥ ነዳሁ። አሁን የበረዶ መጥረጊያ መኪና ነጂ ነው። ከመኪናው ሥር ወጥቶ ሰላም አለኝ።

“ኩርት፣ ቁጥር አሥራ አራት የማን ነበር?” አልኩት።

“የኔ። ከየት አገኙት?”

“ገዛሁት። ከሸፈብኝ።”

እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር፤ ከጠራም በኋላ መጥረጉን አላቆመም። “ስንት ጊዜ?” አለኝ።

“ሦስት ጊዜ፣ በተከታታይ።”

ጎማ ላይ ተቀመጠ። “ወይዘሮ ማርጊት፣ እኔ እኮ ራሴን መጠራጠር ጀምሬ ነበር። ሁለት ዓመት ይህን ጣቴን አያለሁ። በእውነት ስቤው ነበር ወይስ የሳብኩ መስሎኝ ነው እላለሁ።”

ስለ ምድጃው ቀልድ ይቅርታ ጠየቅሁት። “ሚስቴ ነግራኛለች” አለ። ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ማሰቤንም ስነግረው፣ “ለእኔ ብለው ከሆነ ይቅር፤ ለላቮን ከሆነ ግን እሷን ይጠይቋት” አለኝ።

ጠየቅኳት። ላቮን ዛሬም ፖስታ ታድላለች፤ በግራ እጇ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኦርቪል ጓሮ መጥታ እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከትታ ቆመች። ኦርቪል የበረደውን ሽጉጥ ወደ አፈሩ ቁልል አነጣጥሮ ሳበው፤ ቀጭ። ሌላ አጎረሰና ደገመው፤ ቀጭ።

“ይኸው ነው” አለች። “መሬት ላይ ሆኜ ሁለቴ ሰምቼዋለሁ። ሆስፒታል የመጣው መርማሪ ሲጠይቀኝ ነግሬዋለሁ። ‘ድንጋጤ ነው፣ እህቴ’ አለኝ። እኔም ድንጋጤ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ የዚያን ሰው ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ወርውሬ ነው የምሄደው።”

ከዚያ በቀጥታ ወደ ኩርት ቤት ነዳች። ምን እንደ ተባባሉ አላውቅም፤ መጠየቅም የእኔ ፋንታ አይደለም። መኪናዋ እስኪመሽ ደጃፉ ቆሞ እንደ ነበር ግን ጎረቤቱ ሁሉ አይቷል።

አራተኛ ብዬ የምጀምረው ምስጋና ላይ ስደርስ ቁጥሩ ጠፋብኝ፤ ይቅር ይበሉኝ። እሱም የሳጅን ፊል ብራተን ነው። እሳቸው የመሣሪያ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ናቸው፤ የሽጉጦቹን ዓመታዊ የምርመራ መዝገብ በሕግ ጠይቄ አግኝቻለሁ። ኩርት ጥፋተኛ ከመባሉ በፊት በነበረው ሐምሌ፣ ሃያ ሁለቱም ሽጉጦች ተፈትተው፣ ተጠርገው፣ ተመርምረው “እንከን የለሽ” የተባሉት በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከስምንት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ነው። ያ ቀን የከተማችን የበጋ ሰልፍ የዋለበት ነው። በዚያው ሰዓት ሳጅን ብራተን ቀንድ ያለው ቆብ ደፍተው፣ የጥንት ባሕረኛ መስለው፣ ከጭነት መኪና ላይ ለሕፃናት ከረሜላ ሲበትኑ የተነሱት ፎቶግራፍ በዚሁ ጋዜጣ የፊት ገጽ ላይ ወጥቷል። በአንድ እጃቸው ከረሜላ እየበተኑ በሌላው ሃያ ሁለት ሽጉጥ መፍታታቸው ምን ዓይነት ሰው እንዳለን ያሳየናል።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ኩርት ዊማን ፈሪ እንዳልነበረ፣ ስሙ በጠፋበት ገጽና በዚያው የፊደል መጠን ይጻፍለት። የላቮን ረስት ቃል፣ ድንጋጤ የተባለው፣ በመዝገቡ ላይ ምስክርነት ተብሎ ይግባ። የቀሩትን ሃያ አንድ ሽጉጦች የገዙ ጎረቤቶቼም እቤታቸው ምን እንዳስቀመጡ ይነገራቸው። የኦርቪል ቃለ መሐላና ፎቶግራፎቹ ለከተማው ምክር ቤት ተልከዋል፤ ሽጉጡም እንዳለ፣ ሳይጠረግ፣ በጠበቃ እጅ ነው። ለበጎቼ ምንም አልጠይቅም። እነሱ ስም የላቸውም፤ ስማቸው ሊጠፋ አይችልም።

የክቡርነትዎን ውድ ጊዜ በመሻማቴ ከልብ እያዘንኩ፣ ለሕዝብ ደኅንነት ያለዎት ትጋት እንደዚሁ በሞቀ ክፍል ውስጥ ተጠብቆ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ጎንበስ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

የእርስዎ ታዛዥ፣ የመምሪያዎም ደንበኛ

ማርጊት ኦፍስታድ

ማሳሰቢያ፦ ስለ አዲሶቹ ሽጉጦች ሥጋት እንዳይገባኝ ብዬ የእነሱንም የምርመራ ወረቀት ጠይቄ ነበር፤ መምሪያዎ በሚያስደንቅ ፍጥነት ላከልኝ። ሁሉም ተፈትተው፣ ተጠርገውና ተመርምረው እንከን የለሽ መሆናቸው በሳጅን ብራተን ፊርማ ተረጋግጧል። የተመረመሩበትም ቀን በግልጽ ተጽፏል፤ የሚቀጥለው ወር አሥራ ሁለተኛ ቀን ነው።