የበሩ ደፍ

ለምወድህ ወንድሜ ኢሳያስ፣

ከጫኖ ማንጎ ጥላ ሥር የናፍቆት ሰላምታዬ አዲስ አበባ ድረስ ይድረስህ። እኛ ጌታ ይክበር ደህና ነን።

አንተን ከላዩ የጣለህ ማንጎ ዘንድሮ ምንም ሳያፍር ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል። ጎረቤታችንን ዘሪቱን ታውቃት የለ? እሑድ ቸርች ለጉባኤው፣ ለአከርካሪህ የሚሞከረው አዲሱ መርፌ ለግማሹ ታማሚ መድኃኒት ለግማሹ ውሃ እንደሆነ፣ ላንተ የቱ እንደደረሰህም ሐኪሙ ራሱ እንደማያውቅ ስነግራቸው ብድግ አለች። «ጌታ ያውቃል! ደግሞ በቃና ውሃውን ወይን ያደረገ አምላክ፣ ለኢሳያስ ውሃ ቢደርሰው ሊቸገር ነው?» ስትል ፓስተሩ ሳይቀር ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ።

ባለፈው በስልክ «ጣቴን ሞቀኝ» ስትለኝ የትኛው ጣት እንደሆነ ሳልጠይቅህ መስመሩ ተቋረጠ። የእግርህ ነው አይደል?

ጫማህን ቀለም ቀብቼ ከአልጋህ ሥር አስቀምጬዋለሁ። የበሩን ደፍ ደግሞ ባለቤቴ ዳልጮ በእኔ ልመና ነቅሎ በሲሚንቶ ለጎማ የሚመች ዝቅ ዝቅ እያለ የሚወርድ መንገድ ሠራበት። የማንጎው ጋሪ እንዲገባ ነው ብዬው ነበር። «ጋሪ መቼ ሳሎን ገብቶ ያውቃል?» አለኝ። አንተም እንዳትጠይቀኝ።

ሰፈሩ ሁሉ ሰላም ብሎሃል። ብቻ ጌታ ያምጣልን።

እህትህ ቤተል