በአራተኛው ሚስማር ላይ ስለተንጠለጠለው ቁልፍ

ለክቡር የአውራጃችን አስተዳዳሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ የምግብ ፍላጎትዎና እንቅልፍዎ እንደ ወትሮው የተሟላ ይሆን ዘንድ እመኛለሁ፤ በተለይ ስለ እንቅልፍዎ በየዕለቱ እንደማስብ ቢያውቁልኝ ደስ ይለኛል። እኔ ከአስተዳደሩ ሕንፃ ጀርባ፣ በመስኮቱ ላይ «ሰዓት እንጠግናለን» የሚል የደበዘዘ ጽሑፍ ካለበት ቤት የምኖር የስድሳ ስምንት ዓመት ሴት ነኝ። ባለቤቴ ሰዓት ሠሪ ነው። ከቀጠሮው ዝንፍ ስለማይል ሰፈሩ «ደቂቃ» ይለው ነበር፤ በአራተኛው ምርጫ ደግሞ አውራጃው በሙሉ ድምፁን ሰጥቶ የፓርላማ ተወካዩ አደረገው።

ለመጻፍ ያበቃኝ፣ በእርስዎ መልካም ፈቃድና መቅድም ታትሞ ለየትምህርት ቤቱ የታደለው «የአውራጃችን ተወካዮች ታሪክ» የተባለው መጽሐፍ ነው። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዎቼን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ መጀመሪያዎቹ ሦስት ተወካዮች የተጻፈው ልብ የሚነካ ነው። «አንደበተ ርቱዕ» የተባሉት የመጀመሪያው፣ በአራት ዓመት ውስጥ ፓርላማ ውስጥ አፋቸውን የከፈቱት አንድ ጊዜ፣ ብርድ ገባኝና መስኮቱን ዝጉልኝ ለማለት ነበር። «የድልድዩ አባት» የተባሉት ሁለተኛው የመሠረት ድንጋይ አስቀምጠዋል፤ ድንጋዩ ዛሬም በክብር ተቀምጧል፣ እኛም ከጎኑ ጫማችንን አውልቀን ወንዙን እንሻገራለን። ሦስተኛው ደግሞ፣ ሲሻሩ የሚቆጫቸው ነገር እንዳይኖር ሹመታቸውን በሚገባ የበሉ ሰው ነበሩ። ዝም አይነቅዝም ይባላልና ስለ እነሱ ይህ ይበቃኛል።

፪ኛ. በገጽ አሥራ ሰባት ላይ፣ «በአራተኛው ዘመን ወንበሩ ባልታወቀ ምክንያት ክፍት ነበር» የሚል አንድ መስመር አለ። በዚያ ወንበር ላይ፣ እኔ በተኮስኩት ግራጫ ካፖርት፣ ባለቤቴ አንድ ዓመት ከአራት ወር ተቀምጦበታል። አንድ ጥያቄም ጠይቋል፦ ከድንጋይ ካባው በመኪና ተጭነው ሄደው ያልተመለሱት ሰባት ሠራተኞች የት ደረሱ? በጠየቀ በዘጠነኛው ቀን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ እጅግ ጨዋ የሆኑ ሁለት ሰዎች ሱቃችን መጡ። ለጥቂት ጊዜ እንፈልግሃለን አሉት። የአንድ ደንበኛ የእጅ ሰዓት ክዳኑን ከፍቶ ይሠራ ነበርና ወረንጦውን አስቀምጦ ወደ እኔ ዞረ።

«ክዳኑን እንዳትገጥሚው፤ ከምሳ በፊት መጥቼ እጨርሰዋለሁ» አለኝ።

ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው። በሕይወቱ ያረፈደው በዚህ ጊዜ ብቻ ነው።

፫ኛ. በአስተዳደሩ ሕንፃ ደረጃ ላይ የተወካዮቹ ፎቶግራፎች በተራ ተሰቅለዋል። በሦስተኛውና በአምስተኛው መካከል ባዶ ሚስማር ነበር፤ አሁን የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። ሚስማሩ ሥራ እንዳይፈታ ስላሰቡለት አመሰግናለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ባለጉዳይ ሁሉ በችግሩ ሰዓት ወደ አራተኛው ተወካይ መሮጡ ሳያጽናናኝ አልቀረም።

፬ኛ. ፎቶግራፉ እንዲሰቀል ላቀረብኩት ማመልከቻ፣ መሥሪያ ቤትዎ በስድስት ወር ውስጥ ፈጣን መልስ ሰጥቶኛል። «የቀድሞ ተወካይ» ለመባል ዘመኑን መጨረሱ፣ ወይም በፈቃዱ መልቀቁ፣ ወይም መሞቱ በሰነድ መረጋገጥ አለበት ተብያለሁ። ዘመኑን እንዲጨርስ አልተፈቀደለትም፤ መልቀቂያም አልጻፈም። የሞት ማስረጃ ፍለጋ ብሄድ፣ አስከሬኑ የት ነው ብለው የጠየቁኝ የእርስዎ ሠራተኞች ናቸው። እንግዲህ በደንብዎ መሠረት ባለቤቴ ዛሬም ተወካያችን ነው ማለት ነው። ሕዝቡም ይህን ሳያውቅ አልቀረም። ከሰባቱ ሠራተኞች የአንዱ ባለቤት በየዓመቱ አቤቱታዋን ጽፋ በበራችን ሥር ታስገባለች። እኔም ሱቁ ውስጥ ቆሜ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። ሳነብ አንዳንዴ ከኋላዬ ወንበሩ ሲንቋቋ እሰማለሁ። ዞር አልልም፤ ዞር ካልኩ ባዶ መሆኑን አውቃለሁና።

፭ኛ. የልጄ ልጅ በፈተና ላይ የአውራጃውን ተወካዮች በቅደም ተከተል ጻፉ ተብላ፣ አራተኛው ላይ «አያቴ» ብላ ጻፈች። መምህሯ መጽሐፍዎን አመሳክረው በቀይ ሰረዙባት። ወረቀቷን ይዛ መጥታ፣ «እማማ፣ አያቴ ውሸት ነው እንዴ?» አለችኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት እንደዚያን ቀን አላለቀስኩም።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ወይ ፎቶግራፉን ስቀሉልኝ፣ ወይ የት እንዳለ ንገሩኝና ሰነዱን እኔው ራሴ ላምጣ።

ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ታሪካችንን ከእኛ በተሻለ ስለሚያውቁልን፣ በየበዓሉም ከዚያው ሚስማር ሥር ቆመው ፊትዎ ሳይለወጥ ንግግር ስለሚያደርጉልን፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ባልታወቀ ምክንያት ክፍት የነበረው ወንበር ባለቤት ሚስት

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነውና አንድ ነገር ልጨምር። ያ ክዳኑ ተከፍቶ የቀረው ሰዓት የእርስዎ ነው። ያን ጊዜ እርስዎ ዛሬ በሚመሩት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ወጣት ሠራተኛ ነበሩ። በዋዜማው አመሻሽ አምጥተውት፣ ነገ ጠዋት ሱቅ ትኖራለህ ወይስ ወደ ፓርላማ ትሄዳለህ ብለው ባለቤቴን ደጋግመው ጠየቁት። ለእርስዎ ሰዓት ሲል ጉዞውን ወደ ከሰዓት አዛወረው። በማግስቱ ከተማው ሁሉ አሁን ይመለሳል እያለ ሲጠብቅ፣ ሰዓታቸውን ለጥገና የሰጡ ሁሉ ተሠርቶ እንደሆነ ለመጠየቅ እየመጡ ነበር። እርስዎ አልመጡም። እስካሁንም አልመጡም። አቧራ እንዳይገባው ብርጭቆ ደፍቼበት በየሳምንቱ እወለውለዋለሁ። ሱቁ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይከፈታል፤ ይምጡና ይውሰዱት። በቤታችን ለባለቤቱ ሳይመለስ የቀረ ዕቃ እሱ ብቻ ነው፤ እርስዎስ ዘንድ የእኔ የሆነ ምንም አልቀረም?