ማን እንደሞተ ያልጠየቅንበት ለቅሶ

ማክሰኞ

ድንኳኑ ከጀርባው ቤት አብቅሏል! ይህን የምጽፈው በንዴት ነው።

ባለፈው ሳምንት ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ስወርድ፣ ባሕር ዛፉ ባለበት ይዞታችን ላይ የለቅሶ ድንኳን ተተክሎ አየሁ። ግቢው የጠበበው ሰው ባገኘው ሜዳ ላይ ይተክላል፤ ሐዘንተኛን ማን ይከለክላል? ነጠላዬን አዘቅዝቄ ገባሁ። ተቀመጥኩ፣ አለቀስኩ፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብዬ ወጣሁ።

ዛሬ፣ ሣልስቱ አልፎ ለምን አልተነሣም ብዬ ሄድኩ። ከኋላው የጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮው ሳይቀር ተመቶ! ዋና ሐዘንተኛ ሆኖ የተቀመጠው ግርማ የሚባለው ሰው ቤታችን ነው አለኝ። «እርስዎስ ለቅሶ ደርሰውን የለ እንዴ እትዬ?»

የምኖረው በኪራይ ነው። ባለቤቴ ጌታቸው ሲሞት የቀረኝ ይህ መሬት ብቻ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ሁለት ክፍል ልሠራበት ነበር። ነበር ምን ያደርጋል፣ እሠራበታለሁ!

ረቡዕ

ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ። ካርታዬን ይዣለሁ። አንድ ወጣት ሳጅን «እናቴ» እያለ አናገረኝ (ገና ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው)። ደግነቱ ቶሎ ተነሣ፤ ዳገቱን አብረን ወጣን።

ግርማ ምን ቢያወጣ ጥሩ ነው? የጎረቤቴን የበላይነሽን ትሪ! ንፍሮ ያመጣችበትን። «ነዋሪ ባንሆን ሰፈሩ ንፍሮ ያመጣልን ነበር? እኚህም ሴትዮ መጥተው አልቅሰዋል» አለ።

ሳጅኑ ወደ እኔ ዞረ። እውነት መጥተዋል ወይ አለኝ። ምን ልበል? መጥቻለሁ።

ሐዘን ላይ ያለ ሰው ማስነሣት ከበደው። ክርክሩ የፍርድ ቤት ይመስላል ብሎኝ ወረደ። እኔ ግን ፍርድ ቤት እስኪቀጥረኝ እዚያ ቤት ውስጥ ልጅ ይዳራል። ነገ እመለሳለሁ፤ እስኪሰለቻቸው እመለሳለሁ።

ሐሙስ

በላይነሽ ስለ ትሪዋ ስትሰማ አበደች። ስትረጋጋ ግን «ለመሆኑ ማን ነው የሞተው?» አለችኝ።

ክው አልኩ። አላውቅም። እሷም አታውቅም። ባለሱቁ አክስት ናት ሲሉ ሰምቷል። አንዷ ወታደር ነው አለች። ሌላዋ ሰው ሲገባ አይታ ገባች።

ወደ ዕድራችን ዳኛ ወደ ጋሽ ተፈራ ሄድን። ጥሩምባ አላስነፉም፤ ድንኳኑም የዕድሩ አይደለም። «ታዲያ እርስዎ አልሄዱም?» አልኳቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሄደው ኖሯል! የሌላ ዕድር ሰው መስሏቸው።

ኮታቸውን ለብሰው ጣቢያ ድረስ አብረውኝ መጡ። አንዲት ኢንስፔክተር እስከ መጨረሻው ሰማችን። ሬሳ ሲወጣ ያየ አለ ወይ አለች። የለም። የት ተቀበረ? የሚያውቅ የለም። ነገ ራሷ ልትመጣ ነው።

ዓርብ

ፈረሰ!

ኢንስፔክተሯ ብልህ ናት። ግርማን ውጭ አቁማ ማን እንደሞተ ጠየቀችው። «አክስቴ» አለ። ድንኳን ውስጥ ያለውን ጓደኛውን ለብቻው ጠየቀችው። «የግርማ ወንድም፣ ነፍሱን ይማርና» አለ። ሦስተኛው ጭቃ እያቦካ ነበር፤ «እኔ የቀን ሠራተኛ ነኝ፤ ስለ ሟች የነገረኝ የለም» አለ። ጋሽ ተፈራ ፊታቸውን አዙረው ሳቁ።

ግርማንና ጓደኛውን ወሰዷቸው። ከሰዓት ደንብ አስከባሪዎች መጥተው ቤቱን አፈረሱ። ኢንስፔክተሯ ስትሄድ፣ በዋስ ሊወጡ ስለሚችሉ ባዶውን እንዳልተወው፣ ቶሎ እንዳጥር መከረችኝ።

ቅዳሜ

ከጠዋት ጀምሮ አጥር። ያ ሁሉ ለቀስተኛ ዛሬ መዶሻ ይዞ መጣ፤ አፍረው ነው መሰለኝ። ጋሽ ተፈራ ያዛሉ፤ ሥራቸው እሱ ብቻ ነው።

ሌሎቹ ምሳ ሊበሉ ሲወርዱ እኔና በላይነሽ ቀረን። እሷ እንጨቱን ይዛ እኔ ምስማር ስመታ፣ ድንገት «እኔ እኮ ለልጄ ነበር ያለቀስኩት» አለችኝ።

ልጇ በባሕር ወደ ዓረብ አገር ሲሻገር ነው ድምፁ የጠፋው። መርዶ አልመጣም፤ ስለዚህ ድንኳን ተተክሎለት አያውቅም። ቤቷ ስታለቅስ ሰው ይቆጣታል፤ በልጅሽ ላይ አታሟርቺ ይሏታል። «እዚህ ስገባ ለምን ታለቅሻለሽ ያለኝ የለም። እስኪወጣልኝ አለቀስኩ» አለች።

እኔም ለጌታቸው እንደነበር ነገርኳት። መዶሻውን አስቀምጬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ማንም ሳያየን እንደገና አለቀስን፤ ትንሽም ሳቅን።

አጥሩ አላለቀም። ግርማ ተለቋል የሚል ወሬ አለ። ነገ ሰንበት ስለሆነ ሥራ የለም፤ ከቅዳሴ መልስ ግን በርጩማዬን ይዤ እዚያው እውላለሁ። በላይነሽም እመጣለሁ ብላኛለች።