የሱመይራ ቅምሻ

ለምወድሽ እናቴ፦

የአላህ ሰላምና እዝነት ከነጓሮሽ፣ ከነላሞችሽ ያግኝሽ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? የላክሁልሽ ቅባት አሻለሽ ወይስ ለጎረቤት አድለሽ ጨረስሽው? ዝናቡስ ወደ እናንተ ዞረ? እኛ አልሐምዱ ሊላህ ደኅና ነን። ምራትሽ ሱራያ ደኅና ናት፤ የእህልና የቡና ሱቁም ደኅና ነው። ዲላ ግን ቡና ሲደርስ እንደምታውቂያት ናት፤ ባጃጁና ሞተሩ ጆሮ አያስቀምጥም።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ፣ የሱመይራ ስም ሲነሳ አንቺ ማልቀስ ስለምትጀምሪ፣ ኔትወርኩም ያንን ጠብቆ ስለሚቆረጥ ነው። እህቴ ኑሰይባ ቀስ ብላ ታንብብልሽ። መጨረሻው ደስ ይላል፤ ገና ከመጀመሪያው እንዳታለቅሺ።

ባለፈው ስትመጪ እንዳየሻት፣ ልጃችን የምትበላው ብስኩት፣ ነጭ መኮሮኒና ወተት ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀሚሷ እየሰፋት ሄደ። ኦቲዝም እንዳለባት ካወቅን ቆይተናል፤ እሱን ተቀብለነዋል። ያስፈራን መክሳቷ ነው። ሐኪም ቤት ስንወስዳት ደሟ አንሷል ተባልን።

በዚህ መሀል የሱራያ ወንድም ዘከርያ ከአዲስ አበባ መጣ። ስልኩ ላይ ያየውን እያሳየ፣ ስንዴና ወተት ከልክሏት፣ ትድናለች አለ። ዘከርያ፣ እሷ የምትበላው እኮ ስንዴና ወተት ነው፤ ሁለቱን ካነሳሁ የሚቀራት ውኃ ብቻ ነው አልኩት። ሞክረው እንጂ፣ ምን ትከስራለህ አለኝ። ልጄን፣ አልኩት። ስልኩን ኪሱ ከተተ።

እኔም ግን ከእሱ አልተሻልኩም። ደካማ እህል ከጥሩው ቀላቅሎ የሚሸጥ ነጋዴ ስሰድብ የኖርኩ ሰው፣ እንቁላል አድቅቄ መኮሮኒዋ ውስጥ ደበቅሁ። አሸተተችው፤ ሳህኑን ገፋችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ መኮሮኒውንም ጨርሳ ተወች። ደንበኛም እንዲሁ ነው፤ አንዴ ቀላቅለህ ከተያዝክ ንጹሑንም አይገዛህም። ሱራያ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐኪም ቤት ተመልሰን ሄደን ፀጋ የምትባል የሥነ ምግብ ባለሙያ አገኘን። ኦቲዝምን የሚያድን ምግብ የለም አለችን። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ምንም አትከልክሏት፣ ምንም አትደብቁባት፤ ከምትወደው ጎን አዲሱን ትንሽ አድርጋችሁ ሳይነካካ አስቀምጡላት፤ ትንካው፣ ታሽተው፣ ካስጠላት ትትፋው፤ ቅምጥል ሆና አይደለም፣ ሽታውና ልስላሴው ከእኛ ይልቅ ለእሷ ስለሚበረታ ነው አለች። ሱራያ በመንገድ ሁሉ፣ ልጅ ምግብ ሲተፋ ዝም በሉ ማለት ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው እያለች አጉረመረመች። እኔ ግን ገበያው ትዝ አለኝ። እዚያ ገዥ እህሉን ያፍሳል፣ ይቆረጥማል፣ ይተፋል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ባለጌ የሚለው የለም።

ከሱቄ ፊት ለፊት አትጠገብ የምትባል የጌዴኦ ሴት ለቡና ለቃሚዎች ቆጮ ጋግራ ትሸጣለች። ስስ አድርጋ፣ ጫፉ ድርቅ እስኪል ነው የምትጋግረው። አንድ ጠዋት ባጃጆቹ ሳይበዙ ሱመይራን ወስጄ አጠገቧ አስቀመጥኳት። ልጅቷ የደረቀውን ጫፍ አነሳች፣ ጆሮዋ ሥር አድርጋ ቀጭ አደረገችው፤ ሳቀች። ሌላ ሰበረች። ነከሰች፣ ተፋች። እንደገና ነከሰች፣ ተፋች። እኔ አፍሬ ሒሳብ ለመክፈል እጄን ኪሴ ስከት አትጠገብ፣ ሴቱንም ወንዱንም «እሱ» ማለት ልማዷ ነውና፣ ተወው እንጂ ኸድሩ፣ ገበያ አይደለም እንዴ! ይቅመስ! አንተ ራስህ የጓሮ ቡናዬን ስትገዛ ደርቋል አልደረቀም እያልክ ስንቱን ነክሰህ ተፍተህብኛል፣ እኔ ምን አልኩህ? አለችኝ። ለቃሚዎቹ ሳቁብኝ።

የየቀኑን ማስታወሻዬን ታውቂዋለሽ፤ አንቺ ነሽ መጻፍ የማይሰለቸው የምትይኝ። የዚያን ቀን የጻፍኩት አንድ ቃል ብቻ ነው፦ ዋጠች።

እናቴ፣ የእንሰት ልጆች ሆነን፣ ቆጮ የገጠር ነው ብለን ልጃችንን በብስኩት ማሳደጋችን አይገርምሽም? ፀጋ ስትሰማ በጣም ደስ አላት፤ ግን ቆጮ ብቻውን አይበቃም፣ በሩን ከፍቶላችኋልና ሌላውን በቀስታ አስገቡ አለች። ከቆጮው ጎን የእንቁላል ነጩን አስቀመጥን፤ ቆይቶ አስኳሉን፤ ቆይቶ ድርቅ ያለ የሥጋ ጥብስ። አንዳንዱን ትተፋለች፤ እኛም ዝም እንላለን። መኮሮኒውም ታርቋታል። አቮካዶ ግን እስካሁን ጠላቷ ነው። ዲላ ተወልዶ አቮካዶ መጥላት! ደሟ እንደገና ሲመረመር ከፍ ብሏል። ቀሚሷም ልኳ ሆኗል። ቀሚሱ የጠበባት እንደሆን ደውዬ እነግርሻለሁ፤ ያኔ እንደልብሽ አልቅሺ።

በዒዱ ምሳ ላይ አንድ ነገር ሆነ። ሱመይራ የራሷን ሳህን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። የእኔን ሳህን ትክ ብላ አየችው፤ ወጡ በአንድ ወገን፣ ሥጋው ለብቻው፣ ዳቦው ሌላ ሳህን ላይ። ከቆጮዋ ቆረሰችና ከሳህኔ ባዶ ቦታ ፈልጋ፣ ምንም ሳያስነካ አስቀመጠችልኝ። ሰው ለምግብ ስትጋብዝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሱራያ የእኔን ሳህን አየች፣ የልጅቷን አየች፣ እኔን አየች፤ ከዚያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ምን ያስቅሻል ብላት አልነግርህም አለች።

እናቴ፣ ልጅ ሳለሁ ምግቤን ለብቻዬ የምታቀርቢባት፣ ሌላ ሰው እንዳይበላባት ከፍ አድርገሽ የምትሰቅያት ትንሿ የሸክላ ጣባ አለች? አጎቴ አቀማጠልሽው ሲልሽ፣ ተውት፣ የራሱ መንገድ አለው የምትይው ትዝ ይለኛል። በገለባ ጠቅልለሽ ለሹፌሩ ለፈድሉ ስጪልኝ። ሱመይራ ትብላባት። የምትመስላት ሌላ ካለችሽ ግን ሁለቱንም ላኪ፤ አንዷ ለእኔ።

አላህ ጉልበትሽን ያጽና፤ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ዱዓሽ አይለየን።

ሳህኑ የማይነካበት ልጅሽ