ግድግዳ የምትቆጥረው ሴትዮ

ኅዳር 4

ኮምፒውተር ስጠግን ዋልኩ። ሦስት ማተሚያ፣ አንድ ቡና የፈሰሰበት ኪቦርድ፣ ያው የተለመደው። በምሳ ሰዓት ጨዋታዬን በመዝገብ ቤቷ ልጅ ማሽን ላይ ከፈትኩላት። ስድስት ወር የለፋሁበት! ሥዕል የለውም፤ ጥቁር ስክሪን ላይ በምልክት ብቻ የሚሠራ ነው። ግድግዳው ድርብ መስመር፣ ሕይወት ልብ፣ መብራት ኮከብ... እኔ ማሽን ላይ እንዴት እንደሚያምር!

እሷ ማሽን ላይ? የጥያቄ ምልክት። ከዳር እስከ ዳር የጥያቄ ምልክት።

«ይሄ ሁሉ ጥያቄ ለፈተና ነው?» አለችኝ።

ሳቅኩ... ግን አንጀቴ አረረ። ጨዋታዬን የማስገባበት ውድድር ኅዳር 30 ይዘጋል። ዳኞቹ በምን ዓይነት ማሽን እንደሚከፍቱት ማን ያውቃል?

ኅዳር 7

አሮጌ ማሽን ምልክት የሚያነብበት መንገድ ሌላ፣ የእኔው ሌላ። ያን ላስተካክል ስል ደግሞ ኮከቧ የሁለት ፊደል ቦታ ይዛ ቁጭ! ከእሷ በስተቀኝ ያለው ግድግዳ አንድ እርምጃ ተገፋ። በሩ የት ገባ? ቁጭ ብድግ ስል መሸ።

ኅዳር 11

ሆነ! ጨዋታው ሲከፈት መጀመሪያ ማሽኑን ይፈትሻል። ከቻለ ምልክቶቹን፣ ካልቻለ ኪቦርድ ላይ ያሉትን ተራዎቹን ያሳያል። እልል ማለት ነው የቀረኝ። ወንድም ጋሼ ከክፍሉ ሰማኝ።

ከቤት ሳይወጣ... ሁለት ዓመቱ። የብየዳው ሲሊንደር ፈንድቶ ዓይኑን ካጣ ጀምሮ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ። ምንም ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። ዛሬ ግን፣

«ምንድነው እንዲህ የሚያስጮህሽ?»

ነገርኩት።

«ጽሑፍ ብቻ ነው አልሽ? እንግዲያው እኔም እጫወተዋለኋ። ሴትዮዋ ታነብልኛለች።»

ሴትዮዋ የሚላት ስክሪን ላይ ያለውን ጮክ ብላ የምታነብለትን ፕሮግራም ነው። ነገ አልኩት። ደስ አለኝ... ወይስ ፈራሁ?

ኅዳር 12

ጉድ ነው የሆነው።

ከፈትኩለት። ሴትዮዋ ጀመረች። «ድርብ መስመር። ድርብ መስመር። ድርብ መስመር...» አርባ ጊዜ! ከዚያ ሁለተኛው ረድፍ። «ድርብ ቋሚ መስመር። ነጥብ። ነጥብ። ነጥብ...»

«ሴትዮዋ ግድግዳ ልትቆጥር ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ሳቀ! ሳቁን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው?

አንድ እርምጃ ሄደ። እሷ እንደገና ከላይ ጀመረች።

«እኔ የት ነኝ?»

«መሃል ላይ፣ ከበሩ በስተግራ...»

«አንቺ አትንገሪኝ። እሷ ትንገረኝ።»

አምስት ጊዜ ሞከረ። ግንባሩን አላበው። ተበሳጨሁ፣ በማን እንደሆነ እንጃ። «ጨዋታው እኮ የሚታይ ነው!» አልኩ።

ድምፅ ማጉያውን ነቀለ። ገመዱን ቀስ ብሎ ጠቀለለ።

«ልክ ነሽ» አለኝ።

ምነው አፌን በቆረጠው!

ኅዳር 13

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ቁርስ አልበላም አለ። እማዬ «ምን አልሽው?» አለች። ምን ልበላት?

ኅዳር 17

አያናግረኝም። ጨዋታው ሊያልቅ ነው፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ክፍሎች ማስዋብ ብቻ ቀርቶኛል። አስውቢና ልከሽ ተገላገይ... እላለሁ። ከዚያ ተነስቼ እሱ በር ድረስ እሄዳለሁ። እመለሳለሁ። እንደገና እሄዳለሁ።

ሁለት ዓመት ምንም ያልጠየቀ ሰው አንድ ነገር ቢጠይቅ... ኤዲያ!

ኅዳር 20

ማተሚያ ፈትቼ እያለሁ ድንገት በራልኝ። ምን ዓይነት ደነዝ ነኝ! ጨዋታው ውስጥ እኮ ግድግዳው መስመር አይደለም። «ግድግዳ» ብዬ ነው የጻፍኩት። ተኩላውንም «ተኩላ»፣ በሩንም «በር»። ምልክት የሚሆኑት መጨረሻ ላይ፣ ስክሪኑ ላይ ሲወጡ ነው። ታዲያ ለእሱ ምልክቱ ምን ያደርግለታል? ስማቸውን በቀጥታ ለሴትዮዋ ልስጣት!

ማተሚያውን ስገጥም ሁለት ብሎን ተረፈኝ።

ኅዳር 24

አንኳኳሁ።

«ይቅርታ ልጠይቅህ አይደለም የመጣሁት። ሥራ ላሠራህ ነው» አልኩት። ለይቅርታም ነበር።

የድምፅ ማጉያውን ገመድ መልሶ ሰካ። ሴትዮዋ ጀመረች። «ግድግዳ። ግድግዳ። ግድግዳ። ወለል። ወለል...» እኔና ብልሃቴ! አሁንስ ይነሳል ብዬ ስጠብቅ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ።

«ስሚ አንቺ ልጅ። ክፍል ግድግዳ እንዳለው አውቃለሁ። እዚህ ቤት ስሄድ ግድግዳ የሚቆጥርልኝ አለ? የተለወጠውን ብቻ ንገሪኝ። በር ሲቀርብ፣ አውሬ ሲንቀሳቀስ። ሌላውን ተዪው።»

ይሄን ስድስት ወር ሙሉ አላሰብኩትም።

ኅዳር 28

ከሥራ ቀጥታ ወደ እሱ ክፍል። «ተኩላ፣ ከግራ፣ ሦስት እርምጃ» ትላለች ሴትዮዋ። እሱ ትንፋሹን ይውጣል፣ እኔም እውጣለሁ። እማዬ በር ላይ ቆማ፣ «ኧረ ልጆች፣ የምን ተኩላ ነው?»

የጨዋታው የመጨረሻ ሁለት ክፍሎች ሳይዋቡ ቀሩ። ምርጫው የእኔ ነው... ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ኅዳር 30

ላክሁ። እንዳለ።

ታኅሣሥ 16

መልስ መጣ። አላለፈም። «የመጨረሻዎቹ ክፍሎች ውበት ይጎድላቸዋል።» ተናደድኩ፣ ምን እዋሻለሁ።

ለወንድም ጋሼ ነገርኩት። «ዓይናማ ሁሉ እንዲህ ነው» አለ። ከዚያ፣ «ይልቅ ተኩላውን የጻፍሽበትን ቦታ አሳዪኝ።»

«ለምን?»

«ደካማ ነው። በያጅ እኮ ነኝ፤ የላላ ነገር አላልፍም።»

ታኅሣሥ 23

ሳምንቱን ሙሉ አስተማርኩት፤ አሁን ሴትዮዋ የጨዋታውን ኮድ መስመር በመስመር ታነብለታለች። እሱ ይጽፋል፣ ይሳሳታል፣ ይራገማል። እኔን ከክፍሉ አባሮኛል።

ታኅሣሥ 27

ከሥራ መጥቼ ጨዋታውን ከፈትኩ። የመጀመሪያው ክፍል፣ ሁለት እርምጃ... ሞትኩ።

ምን? እዚያ ተኩላ የለም። እኔ አላስቀመጥኩም!

ደገምኩ። አሁን ሁለት ተኩላ። ሞትኩ።

ከወዲያኛው ክፍል ሳቅ። የእማዬም አለበት።

«ማነው ጨዋታዬን የነካው?» ብዬ ጮህኩ።

«አታልቅሺ፣ ተጫወቺ! ሦስተኛው ክፍል ከደረስሽ ነገ ምሳ እጋብዝሻለሁ። ውጪ።»

ውጪ አለ። ራሱ ነው ያለው።

እስካሁን አሥራ አንድ ጊዜ ሞቻለሁ።